በአራት ትራክ ካሴት፣ እዚሁ ነቀምቴ

ክራሬን የምቀዳበትን ማሽን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ «ይሄ ነገር ምንድነው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ ነው፤ ዘመዴ ከውጭ ያመጣልኝ።

ተራ ካሴት በአንዱ ፊት ግራና ቀኝ፣ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ግራና ቀኝ አለው። በድምሩ አራት መስመር ወይም ትራክ ማለት ነው፤ ያውም ወርዱ 4 ሚሊሜትር በማይሞላ ክር ላይ። ይህ ማሽን አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ይጠቀምባቸዋል። ስለዚህ ካሴቱ ሁለተኛ ፊት የለውም፤ ገልብጣችሁ ብትከቱት የቀዳችሁት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይዘፍንላችኋል። የእኔው ክሩን የሚስበው በተራ ቴፕ እጥፍ ፍጥነት ነው። ድምፁ ጥርት የሚለው በዚህ ነው፤ የ60 ደቂቃው ካሴት ግን 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የዚህ ዓይነቱን መጀመሪያ ያወጣው የጃፓኑ ቲያክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1979፤ ስሙም ፖርታስቱዲዮ 144። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን «ኔብራስካ» የተባለውን አልበሙን ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀዳው በእሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከበሮውን አንደኛው ላይ እቀዳለሁ። እሱን በኢርፎን እየሰማሁ ክራሩን ሁለተኛው ላይ፣ ማሲንቆውን ሦስተኛው ላይ። ከዚያ ሦስቱን አመጣጥኜ አራተኛው ላይ እገለብጣቸዋለሁ፤ ሦስቱ ትራኮች ለድምፅና ለተቀባይ ነፃ ይሆናሉ። አዲሱ ሲቀዳባቸው የድሮው ይጠፋል። ክራሩ ከበሮው ሥር ተቀብሮ ከተገለበጠ እንደተቀበረ ይቀራል። ለዚህ ነው ማሽኑን የምወደው፤ ዘፈኑ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሜ እንድወስን ያስገድደኛል። ኮምፒውተር ላይ መቶ ትራክ ከፍቶ ውሳኔውን ለነገ ማሳደር ይቀላል፣ ብዙ ዘፈንም እዚያው ያልቃል።

ማይኩን የክራሩ ቆዳ ፊት ለፊት አትደግኑት፤ ጉምጉምታው ሌላውን ይውጠዋል። ትንሽ ወደ ጎን፣ ወደ ድርደራው እጅ አስጠጉት። የማሽኑን ሄድ፣ ክሩ የሚነካውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ፤ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪተው ድረስ።

የነቀምቴን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በክረምት ቆርቆሮ ሥር ማይክ ከፍቶ መዝፈን አይታሰብም። ስለዚህ ጠዋት እቀዳለሁ፤ ሰማዩ ሲጠቁር ማይኩን ነቅዬ ሚክስ አደርጋለሁ። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ግን ያው ከመጀመሪያው ነው።

በልጅነቴ እኛ አካባቢ የመዘምራን ካሴት ሲቀዳ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ፣ አንድ ቴፕ ፊት ቆሞ ነበር። አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና። ኃይሉ መርጊያ የደረሰበትን ሳስብ ልቤ የሚሞላው ለዚህ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የድራም ማሽኑን ብቻውን ደራርቦ «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ። ያ ካሴት ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ለዚያ ካሴት ባንድ አላስፈለገውም። እኛ ወለጋ ውስጥ ስንቱ ጎበዝ ደርዳሪ ነው ባንድ አጣሁ ብሎ ክራሩን የሰቀለው?

ካሴት ስትፈልጉ 60 ወይም 90 ግዙ። የ120ው ክር ስስ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይጠመጠማል። የጊምቢ፣ የነጆ፣ የደምቢ ዶሎ ልጆች፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ዜማ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ክፍት ነው፤ ክራራችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።