የማር አዋዜ፦ ለሁለት ገበታ አንድ ማባያ

መቼም ሠልጣኝ ሆኖ በበዓል ሰሞን ገንዘብ አዋጥቶ ሥጋ ያልገዛ የለም። ሥጋው እንደምንም ይገኛል፤ የሚቸግረው ማባያው ነው። አንዳንዶቻችን ደረቅ በርበሬ ነስንሰን እንበላለን፤ ሌሎቻችን የሚያቃጥል ነገር አንወድም ብለን በጨው ብቻ እንገፋዋለን። በዚህ ጽሑፍ በአንዲት የከሰል ምድጃ ሊሠራ ስለሚችለው የማር አዋዜ፥ ስለ አሠራሩና ስለ ምክንያቱ ለማብራራት እንሞክራለን።

ጣፋጭ ነገር ለሥጋ ማቅረብ የባዕድ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ሥጋ በፍም ሲጠብሱ ቲማቲም፥ ኮምጣጤና ስኳር አፍልተው ይቀቡታል። የኛ ሰው ደግሞ አዋዜውን በጠጅ ይበጠብጣል። ሁለቱም የሚከተሉት ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ጣፋጩ፥ ኮምጣጣው፥ ጨውና የሚያቃጥለው ሲመጣጠኑ የሥጋው ስብ አፍ ላይ አይከብድም። በርበሬ ራሱ የመጣው ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት በአገራችን አልነበረም፤ ማሩ ግን የጥንት የራሳችን ነው።

ጠጅ ወይስ ብርዝ?

መካነ ሰላምና አካባቢዋ፥ እንደ ሌላው ወሎ ሁሉ፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ የሚኖርበት አገር ነው። ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚበላው። በሠርግም ሆነ በሐዘን ለሌላው ወገን ለብቻ ይታረዳል፤ አራጁም ከራሱ ወገን ይጠራል። ይህ መለያየት ሳይሆን መከባበር ነው። በኛም ዘንድ በበዓል ቀን ሁለት ድስት ይጣዳል።

ታዲያ ማባያውስ ለምን ሁለት ይሆናል? አዋዜው በጠጅ ከተበጠበጠ ሙስሊሙ ጓደኛችን አይነካውም። «ሲፈላ እኮ አልኮሉ ይጠፋል» የሚል አይታጣም። ሲፈላ መጠኑ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ቢጠፋም እንኳ ጓደኛን ሳያውቅ ማብላት አደራ መብላት ነው። መፍትሔው ብርዝ ነው። ብርዝ ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይብላላ የሚጠጣ ስለሆነ ሁለቱም ወገን ይጠጣዋል።

ሆኖም ብርዝ ውሎ ካደረ ብርዝነቱ ያበቃል። ማር ወፍራም ሳለ ከሦስት አራተኛው በላይ ስኳር ስለሆነ እርሾ አይሠራበትም። ውሃ ሲጨመርበት ግን ስኳሩ ይሳሳና ተኝቶ የነበረው እርሾ ይነቃል፤ ጌሾ ባይገባበትም መብላላት ይጀምራል። ስለሆነም ብርዙ በዕለቱ ተበጥብጦ በዕለቱ ይግባ።

አሠራሩ

ለ1 ኪሎ ሥጋ የሚያስፈልገው፦ በርበሬ 4 የሾርባ ማንኪያ፥ ማር 4 የሾርባ ማንኪያ፥ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፥ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፥ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፥ 1 ሎሚ፥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ኮረሪማ ነው።

ሀ) በርበሬው በዛላው ቢገዛ ይመረጣል። ሻጋታ የነካው ዛላ ይጣል፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም።

ለ) የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዘይት፥ በለዘብታ እሳት ይቁላላ። በርበሬው በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመር፤ ደረቁን ከጨመርነው ወዲያው ያርና ይመራል።

ሐ) እያማሰሉ 20 ደቂቃ ያህል ማንተክተክ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቆላ ላይ ቶሎ የሚበስለው እዚህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቸኩለን ካወጣነው በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል።

መ) ማሩ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተበርዞ ይጨመርና ወፈር እስኪል 5 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከወረደ በኋላ ጨው፥ ኮረሪማና የሎሚ ጭማቂ ይግባበት።

ማባያው የሚሠራበት ድስትና ማማሰያ የማንኛውም ወገን ሥጋ ያልነካው ይሁን። ሲያልቅ በሁለት ሳህን ተከፍሎ፥ ለየሳህኑ የራሱ ማንኪያ ይደረግለት። እንዲህ ካልሆነ የብርዙ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥንቃቄ

ሥጋውን ገና ፍም ላይ ሲወጣ በማር አዋዜ መቀባት አይገባም። አዋዜው ውሃ እስካለው ድረስ አያርም፤ ፍሙ ውሃውን ሲያደርቀው ግን የማር ስኳር ቶሎ ይከስላል። ላዩ ጠቁሮ የበሰለ ይመስላል፥ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ሥጋው በጨው ብቻ ይጠበስ፤ ሊወጣ 3 ወይም 4 ደቂቃ ሲቀረው ይቀባ። ጥሬ ሥጋ የነካ ማንኪያም ወደ አዋዜው አይመለስ።

ሌላው ትልቁ ነገር ኮሶ ነው። አዋዜ፥ ሎሚ፥ አረቄም ቢሆን በከብት ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል እጭ አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው። የሥጋው ቅላት እስከ መሐሉ ድረስ መጥፋት አለበት። ነገ ጤና ጣቢያ በራቀበት ቀበሌ የምናስተምር ሰዎች ይህን ራሳችን ሳንጠብቅ ለተማሪ ብንናገር ማን ይሰማናል?

እንግዲህ አዋዜው ለዕለቱ የሚበቃ ያህል ብቻ ይሠራ። ውሃና ማር ስላለበት ከቆየ ሊብላላ ይችላል። ለሙስሊሙ ጓደኛችን ስንል በጠጅ ፋንታ ብርዝ ካደረግን፥ የተብላላውን ማቅረብ ጠጁን በጓሮ በር መመለስ ነው። የተረፈ ካለ ለጎረቤት ክፍል ይታደል። ከዚህ የተሻለ አሠራር የምታውቁ ሠልጣኞችም ሆናችሁ መምህራን በሚቀጥለው ዕትም ጽፋችሁ አካፍሉን።