የወንጀል ችሎትን እንወቀው

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል የአገራችን ሰው። ፍርድን እንዲህ የምናከብር ሰዎች ግን ስለ ፍርድ ቤት አሠራር ብዙም አናውቅም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ «የችሎት ዜና ሥሩ» መባላችን ስለማይቀር የገባኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ እርከኖቹን እንይ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለክልሎች ሦስት ደረጃ ፍርድ ቤት አስቀምጧል። በእኛ ክልል የመጀመሪያው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ስድብ፣ ቀላል ድብደባ፣ ትንንሽ ስርቆት እዚያ ይታያል። ሁለተኛው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የወረዳን ይግባኝ ይሰማል፣ እንደ ሰው መግደል ያለውን ከባድ ወንጀል ደግሞ ራሱ ይጀምራል። ሦስተኛው ባሕር ዳር ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ የፌዴራል ሰበር ችሎት አለ፤ እሱ ግን መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ነው የሚያየው እንጂ እንደ አዲስ ምስክር አይሰማም።

ችሎት ውስጥስ ማን አለ? ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን አይቶ ይከሳል፣ ተከላካይ ጠበቃ ይሟገታል፣ ዳኛ ይፈርዳል። ጠበቃ ማቆም ለማይችልና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ያቆምለታል። ቋንቋው ለማይገባው፣ ለምሳሌ በመተማ በኩል ለመጣ ዓረብኛ ተናጋሪ፣ አስተርጓሚ ይመደባል። ሬጅስትራሩ መዝገብና ቀጠሮ ይይዛል። በአሜሪካ ፊልም የምናያቸው አሥራ ሁለት ሰዎች እኛ ዘንድ የሉም፤ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውም የዳኛው ሥራ ነው።

አሁን ሰው በብዛት የሚሳሳትበትን ላንሳ። በደጋው አገር ሰው ሲሞት ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ አስከፍሎ ደም ያደርቃል። ይህ ቂም በቀልን ስለሚያስቀር ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ግን «ታርቀናል፣ ፋይሉ ተዘጋ» ይላል። አልተዘጋም! እንደ ስድብ ያለው በግል አቤቱታ የሚከሰስ ስለሆነ በእርቅ ሊቋረጥ ይችላል። በግድያ ግን ከሳሹ የሟች ወገን ሳይሆን መንግሥት ነው። እርቁ ቅጣት ለማቅለል ቢረዳ እንጂ ክሱን አያስቀርም። ታርቄያለሁ ብሎ ምስክርነቱን የሚተው ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

ሌላው ርቀት ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ጎንደር ከተማ ላለ ሰው ይህች ሐረግ ምንም አይደለችም፣ ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ተራራ ለሚመጣ ግን ብዙ ናት። ምስክሩም ያንኑ መንገድ ነው የሚመጣው። አጨዳ ላይ ያለ ገበሬ ቀጠሮ ቢቀር መዝገቡ ይንጠለጠላል፣ እስረኛውም አብሮ ይቆያል።

ለእኛ ለጸሐፊዎቹስ? ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው፣ ክስ ሲመሠረት ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ ተብሎ ሲቀጣ ፍርደኛ። ሕገ መንግሥቱ እስኪፈረድ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። እኛ «ወንጀለኛው ተያዘ» ብለን ከጻፍን ከዳኛው ቀድመን ፈረድን ማለት ነው። ሰውዬው በኋላ ነጻ ቢወጣ እንኳ ሰፈሩ የሚያስታውሰው የእኛን ዜና ነው። ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችን በፊት መዝገቡ የት እንደደረሰ እንጠይቅ።