ጉድጓዱ ሲሞላ

ሐዋሳ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሚስማር ላይ የምትንጠለጠለውን የሽንት ቤት ቁልፍ ያውቃታል። እንዳትጠፋ ከቁራጭ እንጨት ጋር በሲባጎ ትታሰራለች። ማለዳ ቁልፏ ቦታዋ ላይ ከሌለች ሰው ቀድሟል ማለት ነው፤ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ይዞ ተራ መጠበቅ ነው። እኔ በኖርኩበት ግቢ ስምንት በር ነበር፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ። ክረምት በገባ ቁጥር ይሞላል። አከራያችን መምጠጫ መኪና ይጠራሉ፤ ቦቴው ቅያሱ ስለሚጠበው ዋናው መንገድ ላይ ይቆምና ሠራተኞቹ ቱቦ ከቱቦ እየቀጠሉ እስከ ጓሮ ይስባሉ። ሂሳቡ ለስምንት ይካፈላል። አንድ ዓመት ገንዘቡን ማዋጣት አቃተን። ዝናቡ በወረደበት ሌሊት አንድ ሰው ከጉድጓዱ ወደ ቦዩ መውረጃ ቀደደለት። ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም አልተናገርንም።

ያ ቦይ የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ከሰሜን ምሥራቅ ይገባበታል፤ ከከተማዋ የሚወርደው ጎርፍም ይጨመርበታል፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ባሕር የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ውሃው በብዛት የሚያልቀው በትነት ነው፤ ይዞት የመጣው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። አሞራ ገደል ላይ የአሳ ሾርባ የምንጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። መሬቱም አያግዝም። እሳተ ገሞራ የተፋው አፈር ልል ስለሆነ ጉድጓድ ይናዳል፤ ወደ ሐይቁ በተጠጋው ሰፈር ጥቂት ሲቆፈር ውሃ ይገኛል፤ እዚያ የሚቆፈር ሽንት ቤት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይገናኛል።

አገሪቱ በሽንት ቤት ጉዳይ ብዙ መንገድ ሄዳለች፤ ይህን መካድ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ቤተሰብ 82ቱ ምንም ዓይነት መጸዳጃ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 32 ወረደ። በመካከሉ ያለው ሥራ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ነው፤ ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር የከረመችው የቀበሌዋ ልጅ ናት።

ሕዝብን አነሳስቶ ሜዳ መውጣትን የማስቀረቱ ዘዴም ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የሐዋሳ ጎረቤት ሸበዲኖ ወረዳ ነው። ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነበር። ባንግላዴሽ ውስጥ የተፈጠረ አሠራር ነው፤ ሲሚንቶም ቆርቆሮም አያድልም። ነዋሪው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የመንደሩን ካርታ መሬት ላይ ይሥላል፤ ቤቱን በጠጠር፣ ሜዳ የሚወጣበትን ቦታ በአመድ ያመለክታል። ከዚያ ተያይዘው ሄደው ቦታውን ያያሉ። ዝንቡ ከዚያ ተነስቶ ምግብ ላይ ሲያርፍ ያኔ ሌላ ሰባኪ አያስፈልግም። ገበሬው ወደ ቤቱ ተመልሶ በራሱ ዶማ ይቆፍራል።

ለገጠሩ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የገጠር ሰው ጉድጓዱ ሲሞላ አፈር አልብሶ ከእንሰቱ ማዶ ሌላ ይቆፍራል። የከተማ ሰው ሌላ የሚቆፍርበት መሬት የለውም። ሰው መጥቶ ከእግሩ ሥር ያለውን ካልወሰደለት፣ የወሰደውም አጣርቶ ካልደፋው፣ ሽንት ቤት አለው መባሉ ምን ይፈይድለታል? እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ጥናት ይህንንም ያሳያል፦ ደረጃውን የጠበቀና ከሌላ ጋር የማይጋራው መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 6 ብቻ ነበር፤ በከተማ 16፣ በገጠር 4። ከከተሜው ሲሶ ያህሉ ይጠቀም የነበረው ከጎረቤት ጋር ነው። ስንቆጥር የኖርነው ጉድጓድ ነው፤ ከሞላ በኋላ ያለውን ግን ማንም በወጉ አልቆጠረውም።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንዲት ጠብታ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ፋብሪካዎቹ የተጠቀሙበት ውሃ ተጣርቶ ተመልሶ ያገለግላል። ሐይቁ መውጫ እንደሌለው ታውቆ የተደረገ ነውና በእውነት ያስደስታል። ማታ ግን ከገጠር የመጡት ወጣት ሠራተኞች አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተካፍለው ወደተከራዩት ግቢ ይመለሳሉ። ሸሚዙ የታጠበበት ውሃ ማጣሪያ ተሠርቶለታል፤ ሸሚዙን የሰፋችው ልጅ ሽንት ቤት ግን ያው የሚሞላው ጉድጓድ ነው። ለፋብሪካው ከተቻለ ለሰፈሩ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ወደ ሐዋሳ የሚጎርፈውን ምእመን፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ጉዱማሌ አደባባይን የሚሞላውን ሕዝብ ላሰበ የሕዝብ መጸዳጃ ነገርም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ«ጽዱ ጎዳና ኑሮ በጤና» ዘመቻ ለዚሁ ገንዘብ አሰባስቧል፤ መልካም ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የግቢው ጉድጓድ ነው። ቅያስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ መምጠጫ፣ ተከራይ የሚችለው ዋጋ፣ ለስንት በር ስንት ሽንት ቤት እንደሚያስፈልግ አከራይን የሚያስገድድ ደንብ፤ ከመንገድ ዳር አበባ ቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ማለዳ በዚያ ግቢ በኩል አለፍኩ። በሮቹ አሥራ አንድ ሆነዋል። ሽንት ቤቱ ያው አንዱ ነው፤ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ቁልፏ ሚስማሩ ላይ አልነበረችም። የፋብሪካ መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ ሃይላንዷን ይዛ ቆማለች፤ ሰርቪሱ እንዳያመልጣት በየደቂቃው ስልኳን ታያለች።