የጤና ባለሙያዎች የስነ ልቦና ጫና በወረርሽኝ ወቅት እንዴት ይለካል?

በወረርሽኝ ወቅት በጤና ባለሙያዎች ላይ የሚደርሰው የስነ ልቦና ጫና በአብዛኛው የሚለካው በመጠይቅ ነው።

በስፋት ከሚያገለግሉት መካከል የድባቴ ምልክቶችን የሚለየው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ይገኝበታል። ባለሙያው ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንደ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና ተስፋ መቁረጥ ያሉ ምልክቶች ምን ያህል እንደተደጋገሙበት ይጠየቃል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩም ከ27 ይያዛል። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

በቻይና የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በተቀሰቀሰበት ወቅት፣ ከጥር 20 እስከ 25 ቀን 2012 ዓ.ም፣ በ34 ሆስፒታሎች የሚሰሩ 1 ሺህ 257 ሐኪሞችና ነርሶች ይህንኑ መጠይቅ ሞልተው 50 ነጥብ 4 በመቶ በሚሆኑት ላይ የድባቴ ምልክት ታይቷል። ይሁንና አሃዙ ከ5 ነጥብ ጀምሮ ያሉትን ያካተተ ሲሆን፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ቀላል ምልክት የታየባቸው ነበሩ።

በመሆኑም የተቋም ኃላፊዎች መቶኛ ሲቀርብላቸው ከስንት ነጥብ ጀምሮ እንደተሰላ ማጣራት ይገባቸዋል። መጠይቁ የቅድመ ልየታ መሳሪያ እንጂ የህመም ማረጋገጫ አይደለም።

ውጤቱ ለአለቃ የሚደርስ ከሆነ ሰራተኛው እውነቱን ሊደብቅ ይችላል። ያለ ስም ሲሞላ ደግሞ አስቸኳይ እርዳታ የሚሻውን ለይቶ ማግኘት አይቻልም። ስለሆነም ምላሹ ምስጢር ጠባቂ በሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እጅ ብቻ መቆየቱ ተመራጭ ነው።