የዳታ መጋዘን

የዳታ መጋዘን ማለት አንድ ድርጅት በየዕለቱ የሚመዘግባቸው የሥራ መረጃዎች ለብዙ ዓመታት ተሰብስበው ለትንተና የሚቀመጡበት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። የአይ ቢ ኤም ባለሙያዎቹ ባሪ ዴቭሊንና ፖል መርፊ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለዚህ ሥርዓት ጽሑፍ አሳትመዋል። በዕለት መዝገብ አዲስ ዋጋ ሲገባ የትናንቱ ሊሰረዝ ይችላል፤ በዳታ መጋዘን ግን ከጎኑ ይጨመራል።

ለምሳሌ በምዕራብ ጎንደሯ መተማ በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን አለው (ይህኛው የጆንያ መጋዘን ነው)። የገባው ሰሊጥ ናሙና ተወስዶበት ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ አስገቢውም ደረሰኝ ይቀበላል። የአሥር ዓመት ደረሰኝ በአንድ ላይ የያዘ ላኪ ዋጋ በየትኛው ወር እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ምርቱን ማቆየት የመጋዘን ኪራዩን ይሸፍን እንደሆነ ማየት ይችላል።

ከባዱ ሥራ ማጥራቱ ነው። አንዱ መዝገብ በኩንታል፣ ሌላው በቶን ይጽፋል። የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ይብሳል፤ በጥቅምት የታጨደ ሰሊጥ እስከ የካቲትና ከዚያም በኋላ ስለሚሸጥ፣ በፈረንጆች ዓመት ከተቆጠረ የአንዱ ምርት ዘመን ሽያጭ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ሁሉም በምርት ዘመን ይመደባል። በኮንትሮባንድ ድንበር የተሻገረ ሰሊጥ ግን ደረሰኝ የለውም፤ በዳታ መጋዘኑ ውስጥ ምርት የቀነሰበት ዓመት መስሎ ይታያል።