የባዕድ አገር መምህር ኑሮ

ከሩቅ አገር የመጣን መምህር ተማሪዎቹ የሚያውቁት በሰሌዳው ፊት ቆሞ በሚታይበት ሰዓት ብቻ ነው። ደወል ተደውሎ ክፍሉ ከተበተነ በኋላ ያ ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ በሌሊት ቢታመም ማንን እንደሚጠራ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የመምህሩ ትምህርት በአገሩ ሥር ሰድዶ መቅረቱ ወይም ከእርሱ ጋር ተመልሶ መሄዱ የሚወሰነው በክፍል ውስጥ በሚያሳልፈው ሰዓት ብቻ አይደለም። ከክፍል ውጭ በሚኖረው ኑሮና አገሩ እርሱን በተቀበለበት አኳኋንም ጭምር ነው። ይህንን ለመረዳት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ብዙ ሳንርቅ እንጀምርና ኋላ እስከ ጃፓን እንሻገራለን።

በእናንተ አገር የቆየው የትምህርት ልማድ እንደሚታወቀው ሌላ ነው። በዚያ ልማድ የሚሰደደው ተማሪው እንጂ መምህሩ አይደለም። ድጓ ለማስመስከር የሚሻው ደቀ መዝሙር ከጎጃምም ይሁን ከወሎ ወይም ከትግራይ ተነሥቶ ጋይንት ቤተ ልሔም ይገባል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልገው ወደ ዙር አባ ያቀናል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ማታ ወደ ጎጆው ተመልሶ ቀለሙን ያጠናል። ባዕድነትን የሚሸከመው እርሱ ነው። መምህሩ ግን ወንበሩን ዘርግቶ በደብሩ ይቀመጣል፤ እርሱ ሲያልፍ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ወንበሩን ይወርሳል፤ ስለዚህ ሰው ቢለወጥም ወንበሩ አይታጠፍም። የውጭ አገር መምህር ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቋንቋ የማያውቀው፣ ውሻ የሚጮኽበት፣ የሌላውን ፊት እያየ የሚኖረው መምህሩ ራሱ ይሆናል። ወንበሩን ማን ይወርሳል የሚለው ጥያቄም ያን ጊዜ ይመጣል።

ይህ ጥያቄ በአካባቢያችሁ በግልጽ የታየው በጋፋት ነበር። ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ስፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ ሰዎችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ሰዎቹ ወንጌል ሰባኪዎች ቢሆኑም የእጅ ሙያም የተማሩ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የወደዱት ይህን ሙያቸውን ነበር። በጋፋት መኖሪያና መሥሪያ ቤት ተሠራ፤ የአገሩ ወጣቶችም ተሰብስበው ማንበብና መጻፍን፣ ከዚያም ጋር የእጅ ሥራን ይማሩ ጀመር።

የጋፋት መምህራን ኑሮ ምን ይመስል ነበር? ከሌሎች ባዕዳን ኑሮ ጋር ሲነጻጸር የተደላደለ ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሡ በቅሎና ሽልማት ሰጧቸው፤ ሥራቸውን ለማየትም ይመላለሱ ነበር። ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ዛልሙለር የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አገቡ። ቤል እንግሊዛዊ ሲሆን የንጉሡ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ የልጆቹ እናት ኢትዮጵያዊት ናቸው። በዚህ ጋብቻ ሁለቱ መምህራን እንግድነታቸው ቀርቶ አማች ሆኑ። ሞሪትዝ ሆል የሚባለው የፖላንድ ተወላጅም እንዲሁ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደች ሚስት አገባ። በመቅደላ የተወለደችው ልጁ መግደላዊት ተባለች፤ ኋላ በዓለም የታወቀው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። ታሪክ እንዲህ ያለ ያልታሰበ ዝምድና ያበጃል።

ኑሮው ቢደላደልም ሁለት ነገሮች ይጎድሉት ነበር። አንደኛው፣ የሚያስተምሩትን የሚመርጡት እነርሱ አልነበሩም። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዙ ጊዜ መምህራኑ «ይህን ሥራ አናውቅም» ብለው መለሱ። በዚህ ጊዜ የታሰሩት አገልጋዮቻቸው ነበሩ፤ መምህራኑም ባይችሉም ለመሞከር ተስማሙ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ከብዙ ድካም በኋላ ግን ተሳካላቸው። ከሠሯቸው ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ሁለተኛው፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን የተቆረጠ አልነበረም። ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተጣሉ በኋላ የጋፋት ሰዎችም በጥበቃ ሥር ዋሉ። መሄድ የማይችል መምህር ደግሞ፣ ምንም ያህል ቢከበር፣ ልቡ ከትምህርቱ ይልቅ በበሩ ላይ ነው።

ሦስተኛ ነገር መጨመር ይገባል፤ ይህ ግን ጥፋቱ ከንጉሡም ከመምህራኑም አይደለም። በዚያ ዘመን በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ የሚናቅ ሰው ነበር፤ «ቡዳ ነው» ተብሎ የሚፈራበት ጊዜም ብዙ ነበር። አባት ልጁን ለቅኔ ወይም ለጦር ሜዳ ይመኘዋል እንጂ ለመዶሻና ለወናፍ አይመኘውም። ስለዚህ በጋፋት የሚሰጠው ትምህርት ንጉሡ የሚመኙት፣ ሕዝቡ ግን የሚንቀው ትምህርት ነበር። ለዚህ ዓይነት ወንበር ወራሽ ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር አስቡት።

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖል በሠረገላ ላይ ተጭኖ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ በጋይንት ምድር አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ ወደ ዋድላ ወጣ። ከነፋስ መውጫ ተነሥታችሁ በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ተጉዛችሁ እንደሆነ የጨጨሆን ገደል አይታችሁታል። መድፉ በዚያ ሲያልፍ መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተቆፈረና እየተደለደለ ይሠራ ነበር፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። የጋፋት መምህራን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከጦሩ ጋር ከአገር ወጡ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ የጋፋት ትምህርት ቤት ግን በዚያው ተዘጋ።

በዚያው በ1860 ዓ.ም. በሌላኛው የእስያ ጫፍ፣ በጃፓን፣ የሜይጂ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ጃፓንን ከአገራችን ጋር ማነጻጸር የእኛ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ያንን አገር ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመዋል። የሜይጂ መንግሥትም እንደ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓን ጥበብ ፈለገ፤ ነገር ግን መምህራኑን ያመጣው በውል ነበር። ደመወዙ ከፍተኛ፣ ዘመኑ የተወሰነ፣ ሥራው የተጻፈ ነው። ለምሳሌ አሜሪካዊው ዊልያም ክላርክ በ1868 ዓ.ም. ወደ ሳፖሮ ሄዶ የእርሻ ትምህርት ቤት ያቋቋመው ለስምንት ወር ያህል ብቻ ተቀምጦ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በጃፓን የባዕድ መምህር የዕለት ኑሮ እንዴት እንደነበረ ከሁሉ አብልጦ የጻፈልን ላፍካዲዮ ኸርን ነው። ኸርን ከአየርላንዳዊ አባትና ከግሪካዊት እናት በግሪክ ደሴት ተወልዶ፣ በአሜሪካ በጋዜጠኝነት የኖረ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሌላውም አጥርቶ የማያይ ሰው ነበር። በነሐሴ ወር 1882 ዓ.ም. እንግሊዝኛ ለማስተማር ማትሱዌ ወደምትባል ትንሽ ከተማ መጣ። ከተማይቱ ከዋና ከተማው የራቀች ናት፤ ከእናንተ መካከል በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሚማር ተማሪ ርቀቷን ለመገመት አይቸገርም። ጠዋት ጠዋት በመጀመሪያ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሩዝ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ድምፅ ነበር፤ ከዚያም የቤተ መቅደስ ደወል ይከተላል። እናንተም ንጋትን በወፍጮ ወይም በሙቀጫ ድምፅና በቤተ ክርስቲያን ደወል የምታውቁ ናችሁና ይህ አይደንቃችሁም፤ ለእርሱ ግን ሁሉም አዲስ ነበር።

የሚኖርበት ቤት የወረቀት መስኮት ያለው የእንጨት ቤት ነው። ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ በወንበር ፈንታ በሰሌን ላይ ይቀመጣል፤ በቤት ውስጥም የአገሩን ልብስ ይለብሳል። ደመወዙ በወር 100 የን ነበር፤ ይህም ከአገረ ገዥው በቀር በከተማይቱ የሚስተካከለው የሌለ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ግን ብርድን አይከላከልም። ክረምቱ ሲገባ፣ ቤቱን የሚያሞቀው ትንሽ የከሰል ማንደጃ ብቻ በመሆኑ ክፉኛ ታመመ። ሴትሱ የምትባል፣ ቤተ ሰቧ ከጦረኞች ወገን ሆኖ የደኸየባት ወጣት ሴት ቤቱን እንድታስተዳድር መጣች፤ ኋላም አገባት። እርሱ ጃፓንኛ እምብዛም አይችልም፤ እርሷም እንግሊዝኛ አታውቅም። ስለዚህ ሰዋስው የሌለው፣ ሁለቱ ብቻ የሚግባቡበት የራሳቸውን ጃፓንኛ ፈጠሩ። እርሷ ማታ ማታ የአገሯን ተረት በዚያ ቋንቋ ትነግረዋለች፤ እርሱ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። የሰዋስው መጽሐፍ ይህን ማድነቅ ባይገባውም፣ ዛሬ ዓለም የሚያነባቸው የኸርን ተረቶች ከዚያ ከተሰባበረ ቋንቋ የወጡ ናቸው።

በክፍል ውስጥስ? ኸርን በጃፓን መምህርና ተማሪ እንደ ታላቅና ታናሽ ወንድም የሚተያዩ መሆናቸው ደስ አሰኝቶት ነበር። የትምህርት ቤቱን ልማድ የሚያስረዳው ኒሺዳ ሴንታሮ የሚባል ጃፓናዊ ባልደረባ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ባዕድ መምህር ዓይን እንደሌለው ይቆጠራል። በተለይ የሚወደው ሥራ የተማሪዎችን ድርሰት ማረም ነበር። እርማቱ ይበልጥ ያስተማረው ግን ራሱን ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ርእስ ላይ ሲጽፉ ሐሳባቸውና ስሜታቸው እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው። በመጀመሪያ ይህ የግል ሐሳብ ጉድለት ይመስላል፤ ኋላ ግን ሕዝቡ ሁሉ በጋራ የሚያስበውን ከእነዚያ ድርሰቶች እንደሚያነብ ተረዳ። እናንተም ድርሰት ስትጽፉ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ቢያነበው ስለ አገራችሁ ምን ያውቅ ነበር ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ።

ኸርን በ1888 ዓ.ም. የጃፓን ዜጋ ሆነ፤ ስሙንም ኮይዙሚ ያኩሞ አሰኘ። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማረ። በ1895 ዓ.ም. ግን ከዚያ ተሰናበተ፤ ተማሪዎቹ ስንብቱን ተቃወሙ፤ እርሱም እጅግ አዘነ። በቦታው ከገቡት አንዱ ናትሱሜ ሶሴኪ ነበር። ሶሴኪ በጃፓን መንግሥት ተልኮ እንግሊዝ አገር የተማረ ጃፓናዊ ሲሆን ኋላ በአገሩ ከታላላቆቹ ደራስያን አንዱ ሆኗል። በኸርን ላይ የደረሰው ነገር ጭካኔ አለበት፤ የጃፓን ስም ይዞ፣ ጃፓናዊት አግብቶ የኖረ ሰው ነበርና። ሆኖም ወንበሩ አልታጠፈም። በጋፋት ያልሆነው በቶኪዮ ሆነ።

በአገራችንም ወንበሩ ወራሽ ያገኘበት ጊዜ አለ። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ከ270 በላይ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን መጡ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ተደለደሉ። የሕንድ መምህራን ደግሞ ከእነርሱ በፊትም ነበሩ። የሰላም ጓድ መምህር የአገልግሎት ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ገበያ ወጥቶ በጣቱ እየቆጠረ ይከራከራል፤ ሕፃናት «ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል። ከተማሪዎቹም አንዳንዶቹ ከእርሱ በዕድሜ እምብዛም አያንሱም ነበር። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ ኢትዮጵያውያን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ እየሄዱ ማስተማር ጀመሩ። የአዲስ አበባው ልጅ በገጠር ከተማ እንደ ባዕድ ታየ፤ ቁንጫውንም ብርዱንም ቀመሰ። በ1969 ዓ.ም. የሰላም ጓድ መምህራን ከኢትዮጵያ ሲወጡ ትምህርት ቤቶቹ እንደ ጋፋት አልተዘጉም፤ በሰሌዳው ፊት የቆመው ኢትዮጵያዊ መምህር ነበር።

ከጋፋት የወጣው ዋልድማየር ኑሮውን በሊባኖስ አደረገ። በ1865 ዓ.ም. ከቤሩት ከተማ በላይ ባለው ተራራ፣ ብሩማና በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ። እዚያ መድፍ እንዲሠራ ያዘዘው አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ያስተምራል።