ማዕረግ የማይጠየቅበት መንገድ

ሁለት ሰዎች በከተማ ሲተዋወቁ አስቀድመው የሚጠያየቁት ስምንና ሥራን ነው። «የት መሥሪያ ቤት ነህ? ከየትኛው ትምህርት ቤት ወጣህ? የማን ልጅ ነህ?» ይባባላሉ። መልሱ ከተሰማ በኋላ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ወንበርና የሚያቀርብለት አንቱታ ወዲያው ይወሰናል። ይህ ልማድ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ ሰው ሰውን የሚያውቅበት አንዱ ዘዴ ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤትም፣ ዲፕሎማም፣ የአባት ስምም ሳይጠየቅ ሰው ከሰው ጋራ የሚተዋወቅበት ስፍራ ቢኖር ምን ዓይነት ወዳጅነት ይፈጠር ይሆን? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ስፍራ የሚመለከት ነው። ስፍራው አዳራሽ ወይም ክበብ አይደለም፤ በአሜሪካ አገር በምሥራቅ በኩል ባሉት ተራሮች ላይ የተዘረጋ ቀጭን የእግር መንገድ ነው።

መንገዱና አጀማመሩ

ይህ መንገድ የአፓላችያን መንገድ ይባላል። በደቡብ በኩል በጆርጂያ ግዛት ካለው ከስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ አሥራ አራት ግዛቶችን ካቋረጠ በኋላ፣ በሰሜን በኩል በሜን ግዛት በካታዲን ተራራ ራስ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩን ወደ አገራችን መንገድ ብንመልሰው፣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ጎንደር ሁለት ጊዜ ደርሶ ቢመለስ እንኳ ገና ብዙ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ከፍታው ግን እኛን ደገኞቹን የሚያስፈራ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ከሁሉ ከፍ የሚለው ስፍራ 2,025 ሜትር ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። እግረኛውን የሚያደክመው አንዱን ተራራ ወጥቶ ከወረደ በኋላ ሌላው ከፊቱ ቆሞ መገኘቱ ነው።

የመንገዱን አሳብ በ1921 ዓ.ም. ያወጣው ቤንተን መካይ የተባለ የደን ባለሙያ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። የመካይ ምኞት በፋብሪካና በቢሮ የሚደክመው የከተማ ሰው ወደ ተራራ ወጥቶ እንዲያርፍ፣ ከሌላውም ጋራ ተባብሮ መሥራትን እንዲማር ነበር። አሳቡን ወደ ሥራ ካደረሱት ሰዎች ዋነኛው ማይረን ኤቨሪ የተባለ የሕግ ሰው ሲሆን፣ እንደ ብስክሌት ጎማ ያለ መለኪያ እየገፋ ርቀቱን ይለካ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ኋላ በአሳብ ተለያይተው ተጣሉ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በጎ ፈቃደኞች ጫካውን እየመነጠሩ በ1937 መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አገናኙት። በ1968 በወጣውም ሕግ ብሔራዊ መንገድ ተብሎ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ዋለ።

መንገዱን በሙሉ በአንድ ጉዞ እንደ ጨረሰ በመጀመሪያ የተነገረለት ኧርል ሻፈር ነው። ሻፈር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊክ በኩል ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። መንገዱን አብሮት ሊሄድ ይመኝ የነበረው የልጅነት ጓደኛው በኢዎ ጂማ ጦርነት ሞቶበታል። ስለዚህ በ1948 ብቻውን ተነሥቶ በ124 ቀን ጨረሰ። በዚያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሄዶ አንድ ሌላ እግረኛ ማግኘት ብርቅ ነበር። ዛሬ ግን በየዓመቱ ከሦስት ሺሕ በላይ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ይነሣሉ፤ አብዛኞቹም በመጋቢትና በሚያዝያ ከደቡብ ጀምረው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ይጓዛሉ። እንግዲህ የሻፈር መንገድ የብቸኛ ሰው መንገድ ነበር፤ የዛሬው መንገድ ደግሞ የመተዋወቂያ መንገድ ሆኗል።

በር የሌለው ማደሪያ

በመንገዱ ላይ ከ250 የሚበልጡ መጠለያዎች አሉ። አብዛኞቹ ሦስት ግድግዳና አንድ ጣሪያ ያላቸው፣ በአንድ ወገን ክፍት የሆኑ የእንጨት ዳሶች ናቸው። በር ስለሌላቸው የሚያንኳኳም፣ የሚከለክልም የለም። ቀድሞ የደረሰ ቦታ ይይዛል፤ ዝናብ የወረደ እንደ ሆነ ግን አስቀድመው የተጋደሙት ጠጋ ጠጋ እያሉ ርሶ ለመጣው ስፍራ ይለቃሉ። ስንቁ ድብ እንዳያገኘው ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ሌሊት አይጥ በራስጌ ይሯሯጣል።

በዚህ ጠባብ ወለል ላይ ጎን ለጎን የሚተኙት ትምህርቱን ገና የጨረሰ ተማሪ፣ ጡረታ የወጣ ሐኪም፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር፣ ሥራውን የለቀቀ ጸሐፊና ባሏ የሞተባት ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉም ላብ ላብ ይሸታሉ፤ ሁሉም በትንሽ ምድጃ ማካሮኒ ወይም አጃ ይቀቅላሉ። በልብሳቸው ሀብታሙን ከድሃው መለየት አይቻልም። የሚጠያየቁትም ነገር «እግርህ እንዴት ነው? ውኃ የቋጠረው ዳነልህ ወይ? ከፊታችን ያለው ምንጭ ደርቋል ወይስ አልደረቀም?» የሚል ነው። ከሰሜን የመጣው ለደቡቡ፣ ከደቡብ የመጣው ለሰሜኑ የመንገዱን ወሬ ያቀብላል።

ስሙም ቢሆን የከተማ ስም አይደለም። እግረኞቹ እርስ በርሳቸው የመንገድ ስም ያወጣሉ። ቀስ ብሎ የሚሄደውን «ኤሊ»፣ ሌሊት የሚያንኮራፋውን «መጋዝ» ቢሉት፣ ያ ሰው ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ በዚያው ይጠራል። አባቶቻችን በፈረስ ስም ይጠሩ እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የፈረስ ስም ግን ጀግንነትን የሚያውጅ ሲሆን፣ የመንገድ ስም አብዛኛውን ጊዜ በራስ ላይ የሚያስቅ ነው። ጥቅሙም በዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሚኮራበትን ማዕረግና የሚያፍርበትን ያለፈ ነገር ከተራራው ግርጌ ትቶ ይወጣል። ብዙ ሳምንት አብረው ተጉዘው የጓደኛቸውን የመዝገብ ስም ሳያውቁ የሚለያዩ ሰዎች አሉ።

የመጠለያው ደብተር

በየመጠለያው ውስጥ ውኃ እንዳያገኘው በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደብተር ይገኛል። የሚያልፈው እግረኛ ሁሉ ቀኑንና የመንገድ ስሙን ጽፎ፣ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ አመልክቶ፣ ያየውን ነገር ይጨምርበታል። «ከድልድዩ ወዲያ ያለው ምንጭ ጭቃ ነው» ይላል አንዱ። «ትናንት ማታ ድብ መጥቶ ነበር፤ ስንቃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ» ይላል ሌላው። አንዳንዱም ቀልድ ይጽፋል፤ ሥዕል የሚሥልም አለ።

ስለዚህ ሦስት ቀን ወደ ኋላ የቀረ ሰው፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ቀዳሚውን በእጅ ጽሕፈቱና በቀልዱ ያውቀዋል። ቀዳሚው እግሩን ታሞ በከተማ ሲያርፍ ተከታዩ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ እንደ ቆየ ወዳጅ ይተቃቀፋሉ። ደብተሩ ለጨዋታ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ሰው የጠፋ እንደ ሆነ ፈላጊዎቹ ገጹን ገልጠው በየትኛው ቀን በየትኛው መጠለያ እንዳደረ ያዩበታል። ዛሬ እግረኛው ካርታውንም የውኃውንም ወሬ በስልኩ ሊያገኝ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ደብተሩ አሁንም ይሠራል።

መጠበቅ ወይስ መሄድ?

ይህን ሁሉ ሲሰሙ መንገዱ ዘወትር ጨዋታና ሳቅ የሞላበት ይመስል ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ከሚነሡት አራት ሰዎች የሚጨርሰው አንድ ያህል ብቻ ነው። ሌላው ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ቤቱ ናፍቆት ወይም ከሳምንት ሳምንት በሚወርደው ዝናብ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ጊዜውም አጭር ነው። ጥቅምት ከገባ በኋላ የካታዲን ተራራ በረዶና ነፋስ ስለሚበዛበት፣ የዘገየ ሰው መጨረሻውን ሳያይ ሊቀር ይችላል።

በዚህ ጊዜ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። አብሮህ አንድ ወር የተጓዘው ሰው ጉልበቱን ቢታመም ቆመህ ትጠብቀዋለህ ወይስ ትተኸው ትሄዳለህ? አንተ ብትጠብቅ ጉዞህ ሊበላሽ ነው፤ እርሱ ካንተ እኩል ልሂድ ቢል ጉልበቱ ጨርሶ ሊሰበር ነው። የቆዩት እግረኞች ለዚህ ያወጡት ደንብ፣ እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ ይሂድ የሚል ነው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጎትት፤ ዘገምተኛውም ፈጣኑን አይሰር። ነገር ግን አደጋ ላይ ያለውን ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ በማንም ዘንድ አይፈቀድም። እኛ እንደሚመስለን ይህ ደንብ ቀዝቃዛ ቢመስልም ጥበብ አለበት። ወዳጅነትን በመጎተትና በመጎተት ሳይሆን በችግር ጊዜ በመድረስ ይለካዋል።

ለዚህ ደግሞ የወይዘሮ ኤማ ጌትዉድ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። የኦሃዮ ግዛት ተወላጅ፣ የአሥራ አንድ ልጆች እናት የሆኑት እኒህ ሴት በ1955 መንገዱን በሙሉ ብቻቸውን ሲጨርሱ ዕድሜያቸው 67 ዓመት ነበር። ጫማቸው ተራ የሸራ ጫማ፣ ጓዛቸው በእጃቸው የሰፉት ከረጢት፣ የዝናብ መከላከያቸውም የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበር። በየመንገዱ አንዱ ቤት አልጋ ሲሰጣቸው፣ ሌላው በሩን ዘግቶባቸዋል። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ከባድ ማዕበል የአገሪቱን ሰሜን ምሥራቅ መትቶ ወንዞቹን ሁሉ ስለ ሞላቸው፣ በቬርሞንት ግዛት ሊሻገሩት ከማይችሉት ውኃ ዳር ቆሙ። በዚያ ከባሕር ኃይል አገልግሎት የወጡ ሁለት ወጣት እግረኞች ነበሩ። ወጣቶቹ አሮጊቷን በገመድ አስረው፣ በመካከላቸው አድርገው አሻገሯቸው። ከዚያ በኋላ እኒያ ብርቱ ሴት የራሳቸውን መንገድ በራሳቸው እርምጃ ቀጠሉ።

በ1990 ደግሞ ዐይነ ስውሩ ቢል ኧርዊን ኦሪየንት ከሚባል መሪ ውሻው ጋራ መንገዱን ከስምንት ወር በላይ ተጉዞ ጨረሰ። በየቀኑ እየወደቀ ይነሣ ነበር። እግረኞቹም ሰውየውንና ውሻውን አንድ አድርገው «ኦሪየንት ኤክስፕረስ» የሚል የመንገድ ስም አወጡላቸው፤ ይህ በአውሮጳ የታወቀ የፈጣን ባቡር ስም ነበር።

በሜን ግዛት የኬኔቤክ ወንዝ አለ። ከበላዩ ካለው ግድብ ውኃ ሲለቀቅ በድንገት ስለሚሞላ በእግር መሻገር ያስፈራል፤ በ1985 አንዲት እግረኛ ሰጥማበታለች። ከዚያ ወዲህ እግረኞችን በታንኳ በነፃ የሚያሻግር ሰው ተመደበ። መንገዱን ለማመልከት በየዛፉ ላይ የሚቀባው ነጭ ምልክት በታንኳይቱም ወለል ላይ ተቀብቷል፤ መንገዱ በውኃው ላይም አይቋረጥም ማለት ነው።

ስለ ጉድለቱም ጥቂት እንበል። ቆሻሻውን በየጫካው ጥሎ የሚሄድ፣ ሰክሮ ሌሊቱን የሚያስነቅል፣ ከባልንጀሮቹ ጋራ መጠለያውን በሙሉ ይዞ ሌላውን የሚያስወጣ እግረኛ አይጠፋም። ሰው ሲበዛም የሆድ በሽታ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ስለዚህ አስተዋዮቹ ቆሎ የመሰለውን ስንቅ ለጓደኛቸው ሲያካፍሉ፣ እጁን ከከረጢቱ እንዲያገባ ከማድረግ ይልቅ በመዳፉ ላይ ይዘረግፉለታል። ጉርሻ ለለመደ ሰው ይህ ንፉግነት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ለጓደኛ ጤና ማሰብ ነው።

በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው ማዕበል የመንገዱን ደቡባዊ ክፍል ክፉኛ ጎድቶታል። እጅግ ብዙ ዛፎች ወደቁ፤ በቴነሲ ግዛት በኖሊቸኪ ወንዝ ላይ የነበረውንም ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። በጎ ፈቃደኞች መጋዝና መጥረቢያ ይዘው መንገዱን መጥረግ ጀመሩ፤ በ1925 ሳይሆን በእኛው ዘመን፣ በ2025 የጸደይ ወራት፣ እግረኞቹ በጀልባ ይሻገሩ ነበር። ከጠራጊዎቹ ብዙዎቹ በመንገዱ ላይ የሚያልፈውን ሰው ስሙንም መልኩንም አያውቁም። የመጀመሪያዎቹ መንጣሪዎችም አያውቁም ነበር።

ለወጣቶቻችን

ከዚህ ሁሉ የምናተርፈው ምንድን ነው? ወጣቱ ሁሉ ጓዙን ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ይዙር የምንል አይደለንም። ነገር ግን ነገ ወደ ማያውቀው ወረዳ በሥራ የሚሄድ ወጣት፣ ወይም ከሩቅ አገር ልጆች ጋራ በአንድ መኝታ ቤት የሚያድር ተማሪ፣ ከእግረኞቹ ሁለት ነገር ሊማር ይችላል።

አንደኛው፣ ሰውን በማዕረጉ ከመመዘን በፊት ዝናብ ሲወርድ ጠጋ ብሎ ስፍራ ይለቅ እንደ ሆነ ማየት ነው። ራስንም በዚያው ሚዛን መመዘን ይገባል። ሁለተኛው የደብተሩ ነገር ነው። አንድ ሠራተኛ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዛወር፣ በእርሱ ወንበር ለሚቀመጠው ሰው የደረቀውን ምንጭና ድብ ያለበትን ስፍራ ጽፎለት ቢሄድ ስንት ድካም ይቀር ነበር! ሰነዱን አዘበራርቆ፣ የሚያውቀውን በልቡ ቆልፎ የሚሄድ ሰው ግን ለተከታዩ ባዶ ገጽ ትቶለት ማለፉ ነው።

ከኋላችን የሚመጣውን ሰው ፊቱን ላናየው እንችላለን። ቢሆንም በሄድንበት ስፍራ ያገኘነውን እውነት በሚነበብ ጽሕፈት ብንተውለት፣ ከእርሱ ጋራ ተዋውቀናል ማለት ነው።